ክዳኑ ሳይታይ ቴስታታ አይከፈትም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ እህታችን ሽሮ ሜዳ ትኖራለች፤ ሥራዋ ሳሪስ ነው። የምትነዳው እንደ ፈረንጆቹ የ1998 ሥሪት ኮሮላ፣ 1.3 ሞተር ናት። ከገዛቻት አራት ዓመት ሆኗታል። «ጠዋት ቁልቁል ስወርድ ሰላም ናት። ማታ ሽቅብ ስመለስ፣ በተለይ መንገድ ሲዘጋጋ፣ ሙቀቷ ይጨምራል። በሳምንት ሁለት ሊትር ያህል ውሃ እሞላለሁ። አንደኛው መካኒክ ቴስታታው ይከፈት አለኝ። ሁለተኛው ሞተሩ ደክሟል፣ ሙሉ ሞተር ቀይሪ አለኝ። ወንድሜ ደግሞ ሽጪያትና ተገላገይ ይላል። ቴርሞስታት የሚባለውን የቀድሞው ባለቤት አውጥቶታል። የቱን ልስማ?»

እህቴ፣ ለጊዜው ሦስቱንም አትስሚ።

ዋሽተውሻል ማለቴ አይደለም። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ተጎድቶ ይሆናል። ሞተሩም ደክሞ ይሆናል። ግን አንዳቸውም ዋናውን ነገር አልጠየቁሽም። ውሃው የት ነው የሚሄደው? በሳምንት ሁለት ሊትር ቀላል አይደለም። ወይ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፣ ወይ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሌላ መሄጃ የለውም። መጀመሪያ መሄጃው ይታወቅ፤ ገንዘብሽ ከዚያ በኋላ ይውጣ።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ገንዘቡ በጥገና የሚያልቅ ይመስለዋል። የሚያልቀው በግምት ነው። «እስቲ ይሄን እንቀይረው» ይባላል፤ ይቀየራል፤ አልሆነም። «እንግዲያው ያኛው ነው» ይባላል። ሦስተኛው ላይ ይገኛል። የሁለቱ ሒሳብ ግን ተከፍሏል። ከመኪናሽ የወጣው ደህናው ዕቃ ደግሞ የት እንደደረሰ አይታወቅም።

አሁን ወደ አንቺ መኪና። መጀመሪያ ስለምንኖርበት ከተማ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ግማሹ ችግር እዚያ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ ባቄላ ቢቀቅል ይገርመዋል። ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላው ግን አልበስል ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እናንተ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል።

ይህ ለድስት ትልቅ ችግር የለውም። ለመኪና ግን አለው። የሞተር ውሃ በጤናውም ጊዜ 85፣ 90፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሞቃል። በዚያ ዘመን በወጡ ብዙ ኮሮላዎች የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እስቲ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ውሃው በ92 ይፈላል፤ ፋኑ በ93 ይነሳል። ማለትም አንድ ነገር ካልያዘው በቀር ውሃው ፋኑን ሳይጠብቅ ይፈላል።

ያ የሚይዘው ነገር የራዲያተሩ ክዳን ነው።

ክዳን ሲባል ሰው እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ያስበዋል። አይደለም። ውስጡ ሞላ አለ፣ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) አለ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ቫልቭ አለች። ሞላው ውሃውን በግፊት ያፍነዋል። የታፈነ ውሃ ቶሎ አይፈላም፤ ልክ እንደ ፕሬሸር ድስት። የአንቺ ክዳን ላይ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር ተጽፎበት ታገኛለሽ ብዬ እገምታለሁ። ደህና የሆነ የ0.9 ክዳን አዲስ አበባ ላይ ውሃውን እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ሞላው የላላ ወይም ጎሚኒው የተሰነጠቀ ክዳን ግን ወደ 92 ይመልስሻል። ሃያ ዲግሪ የሚያህለውን መጠባበቂያ የያዘችው ያቺ ቁራጭ ጎማ ናት።

ምልክቱም አለው። ጎን ያለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ሞልቶ፣ ራዲያተሩ ራሱ ግን ጎድሎ ካገኘሽው ክዳኑን ጠርጥሪ። መኪናዋ ስትሞቅ ውሃው ወደ ፕላስቲኩ ይወጣል፤ ስትቀዘቅዝ በትንሿ ቫልቭ በኩል ተስቦ መመለስ ነበረበት። ካልተመለሰ ቫልቯ ሞታለች። ውሃው በቱቦ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል። አንቺ ደግሞ «ውሃ ትጠጣለች» ትያለሽ።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ደንበኛ ቴስታታ ከፍቼ፣ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መሐል ያለውን ስስ ማሸጊያ) ቀይሬ፣ ገጥሜ ሰጠሁ። በሳምንቱ ተመለሰ፤ መኪናው ያው ነው። አለቃዬ አንድም ነገር ሳይናገር ከሌላ መኪና ክዳን ፈትቶ ገጠመለት። ሰውየው ሁለተኛ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ክዳን ሳላይ ካቻቢቴ አልይዝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ አዲስ ክዳን መግዛት ነው። ግን አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ «የኮሮላ ክዳን» ብለሽ በቃል አትጠይቂ፤ ናሙናውን አሳዪ። አንገቱ ረጅም የሆነ አለ፣ አጭር የሆነ አለ። ከላይ ሲታይ ገጥሞ ከውስጥ የማይነካ ክዳን ብዙ ነው። ቁጥሩም አንድ ይሁን። 1.1 ሲያዩ «ይሄ ይበልጣል፣ ጠንካራ ነው» የሚሉሽ አሉ። ሃያ ምናምን ዓመት የሞላው ራዲያተርና ማኒኮቶ (የውሃው የጎማ ቱቦ) ያንን ትርፍ ግፊት ላይችል ይችላል። አንዱን ሲደፍኑ ሌላው ይፈነዳል።

ቀጥሎ ፋኑ። መኪናዋን አስነሺና ቆማ ትሙቅ። የአየር ማቀዝቀዣው ይጥፋ። ሙቀቷ ከመሐል ትንሽ ሲያልፍ ፋኑ በራሱ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ስዊቹ፣ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የፋኑ ሞተር ይታይ። ቁልፍ ስትከፍቺ ወዲያው ከተነሳና ካልቆመ ደግሞ አንድ ሰው «ዳይሬክት» አድርጎታል፣ ማለትም ስዊቹን ዘልሎ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶታል፣ ማለት ሳይሆን አይቀርም። ይህ የእኛ አገር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚወደው መፍትሔ ነው። አይገድልም። ግን ስዊቹ ለምን እንዳልሠራ ሳይታወቅ ተዳፍኖ ይቀራል፤ ፋኑም ያለ ዕረፍት ሲዞር ቶሎ ያልቃል።

ፋኑ መዞሩ ብቻ ግን አይበቃም። ወዴት ነው የሚነፍሰው?

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የታክሲ ባለንብረት ኮሮላ ይዞ መጣ። ቴስታታው ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። ራዲያተሩ አዲስ ነው። ቆማ ደህና ናት፤ ሽቅብ ስትወጣ ትፈላለች። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም ጥሩ ነው። ጋዜጣ ቀደድኩና ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ በግሪሉና በራዲያተሩ መሐል አስገባሁት። ጋዜጣው ተስቦ ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ተመልሶ ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ፋኑ አየር የሚስብ ሳይሆን የሚገፋ ሆኖ ነበር። የፋኑን ሞተር የቀየረው ሰው ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጦ አስሯቸዋል። መኪናዋ ስትሄድ ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ፋኑ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ሲታገሉ ራዲያተሩ መሐል ይቆማል። ሽቦውን አገላበጥኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰውየው ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። ያንን ዝምታ አልረሳውም። ስንት ብር እንደሄደ በልቡ ሲደምር ነበር።

ያንን የወረቀት ፈተና አንቺም ቤትሽ አድርጊው። እጅሽን ብቻ ከፋኑ አርቂ፤ ዳይሬክት ያልሆነ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል።

አሁን ቴርሞስታቱ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው በር። የቀድሞው ባለቤት ያወጣው ሙቀት አስቸግሮት ነው፤ ስለዚህ ችግሩ አንቺ ዘንድ አልተጀመረም። ተሸጦልሽ ነው የመጣው።

«ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ነው፣ እኛ ዘንድ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህን የሚሉት የኅዳር ጠዋት ሽሮ ሜዳ ላይ መኪና አስነስተው ስለማያውቁ ይሆናል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ቶሎ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ቤንዚን ይበላል፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት አይተንም። ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛው ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደው ሲከፈት፣ አቋራጩ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስታወጪው ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ይቀራሉ። ከዚያ የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ በአቋራጩ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ አይታወቅሽም። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም ወደ ላይ ሲሆን ይታወቅሻል። ሙቀት ይቀንሳል ተብሎ የወጣው ዕቃ ሙቀት ይጨምራል ማለት ነው።

አዲስ ቴርሞስታት ግዢ። ጠርዙ ላይ 82 የሚል ቁጥር ካለው ጥሩ ነው። ከመገጠሙ በፊት ወጥ ቤት ወስደሽ ሞክሪው። ድስት ውስጥ ውሃ ጥደሽ በክር አንጠልጥዪው። ውሃው ሊፈላ ሲል ቀስ ብሎ አፉን ሲከፍት ታያለሽ። ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብለሽ እንዳትመልሺው፤ ሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲጠጋ ነው፤ የአንቺ ድስት ደግሞ ከ92 አያልፍም። መጀመር አለመጀመሩን ብቻ እዪ። ጨርሶ ካልተላወሰ መልሺላቸው።

ስለ ውሃው ትንሽ። በሳምንት ሁለት ሊትር የቧንቧ ውሃ ስትሞዪ ከርመሻል። ጀበና ወይም የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ አይደል? ያው ነገር ራዲያተሩ ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። በተለይ የጉድጓድ ውሃ በዚህ ክፉ ነው። ክዳኑን ከፍተሽ ውሃው የቡና አተላ መስሎ ካገኘሽው ውስጡ ዝጓል። ታጥቦ ኩላንት ይሞላበት፤ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስቲልድ ውሃ። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የውሃ ፖምፓውንም ጎሚኒ ይጠብቃል። አረንጓዴና ቀይ አትቀላቅዪ። ቀዳዳ ይደፍናል ብሎ የእንቁላል ነጭ ራዲያተር ውስጥ ያፈሰሰ ሾፌር አይቻለሁ። ቀዳዳውንም፣ ቀዳዳ ያልሆነውንም ደፈነለት።

እንግዲህ የቴስታታው ጉዳይ። ይህን በግምት ሳይሆን በዓይን ማወቅ ይቻላል፤ ግማሹን አንቺ ራስሽ።

ዓርብ ማታ መኪናዋን ሜዳ ቦታ አቁሚና ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፊ። ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኑን እዪ። እርጥብ ካለ የት ላይ ነው? ፊት ለፊት ከሆነ ራዲያተሩ ነው። በቺንጋው (በሞተሩ ቀበቶ) በኩል ከሆነ የውሃ ፖምፓው ሊሆን ይችላል። የፊት ወንበር ምንጣፍ ሥርም እጅሽን ስደጂ፤ የማሞቂያው ራዲያተር ሲያፈስ ወደ ውስጥ ነው። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ውሃው የሚጠፋው በሙቀት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። ቀዝቃዛ እንደሆነ ነው ያልኩት። ውሃውን እስከ አፉ ሙዪና ክዳኑን ሳትገጥሚ አስነሺ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ አረፋ ቢመጣ አትደንግጪ፤ የታመቀ አየር ነው። ቆይቶ ይቆማል። አረፋው ካልቆመ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ እየበዛ ከመጣ፣ ያ ከሲሊንደር የሚመጣ ጋዝ ነው። እንግዲያው የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ነበር። ሌላም ምልክት አለ። ማታ ያደረች መኪና ክዳኗ ተገጥሞ በተነሳች በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ ድንጋይ ከሆነ ይኸው ነው። ገና ያልሞቀ ውሃ ግፊት አይፈጥርም፤ ጋዝ ገብቶበታል።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ ቅቤ ያለ ነጭ ነገር ብታዪ ብቻውን አይፈረድበትም። ቴርሞስታት በሌለው መኪና፣ በአጭር መንገድ፣ በክረምት ያ ነገር ይመጣል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መኪናዋን አታስነሺ።

መካኒኩ ጋ ስትሄጂ ሁለት ነገር አስለኪ። አንዱ የራዲያተሩ ግፊት ነው፤ በእጅ ፓምፕ ተሞልቶ ይቀንስ እንደሆነ ይታያል። ሁለተኛው የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚያምቅበት ግፊት። እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ፤ ብዙ ደህና ሞተር የተጣለው በዚህ ነው። በማኑዋል ላይ ያለው የኮምፕሬሽን ቁጥር ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ጌጁ ላይ በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ያንን አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል አለ። የሚታየው አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ ተመሳሳይ ሆነው አንዱ ብቻ ወርዶ ከሆነ ችግር አለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ከወረዱ ጓርኒሲዮኑ በመሐላቸው ተበልቷል ብለሽ ጠርጥሪ።

ጓርኒሲዮኑ መሆኑ ከተረጋገጠ ይቀየር። የሚያስፈራ ሥራ አይደለም፤ ግን በጥድፊያ ከተሠራ ይደገማል። የአንቺ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲፈላ ይጣመማል። ቴስታታው ከወጣ በኋላ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት በስስ መለኪያ ይለካ። የሚፈቀደው ጥመት በቶዮታ ልክ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፀጉር የሚቀጥን። «በዓይኔ አየሁት፣ ቀጥ ያለ ነው» ካለሽ ሌላ ጋራዥ ፈልጊ። ከጠመመ ሬቲፊካ፣ የሞተር ብረት የሚላግበት ቤት፣ ተወስዶ ይላግ። ሲገጠም ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች ይጠበቁ። በክንድ ስሜት የሚጠብቅ መካኒክ ክንዱ ምንም ያህል የተመሰከረለት ቢሆን አትፍቀጂለት። ለሥራው የግድ የሚፈታው የታይሚንግ ቺንጋም ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ካለፈው ወይም መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ አብሮ ይቀየር። ለብቻው ሌላ ቀን ብታስቀይሪው የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ትከፍያለሽ።

ሙሉ ሞተር ያለሽ ሰው ላይ ግን ትንሽ ቅር ብሎኛል። መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች? በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት ትጨርሳለች? ሽቅብ አቅም አጥታ ትለምናለች? ይህን አልጻፍሽልኝም። ካልሆነ ሞተሩ ደክሟል የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? ከውጭ የሚመጣ ያገለገለ ሞተር ታሪኩ አይታወቅም። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ያምራል። ደግሞ አሮጌውን ሞተር ያፈላ ራዲያተር አዲሱንም ያፈላል። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬሽ ላይ የተጻፈ ነው። ሞተር ስትቀይሪ የግዢና የጉምሩክ ወረቀቱን ይዘሽ ማስመዝገብ አለብሽ። ወረቀት የሌለው ሞተር በርካሽ ከቀረበልሽ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት አሁን አውቀሽዋል።

ወንድምሽ። እሱ ያዘነልሽ ነው። ቢሆንም ሽጪያት ሲል ሌላ መኪና በምን ልትገዢ እንደሆነ አስቦበታል? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ወገብ የሚቆርጥ አደረገው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ መለዋወጫውም አብሮ ዘለለ። ስለዚህ እንደ አንቺ ያሉ ኮሮላዎች በዕድሜያቸው ልክ አልረከሱም። እዚህ ያለው ሒሳብ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ከሚሠሩት የተለየ ነው። እነሱ ዘንድ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ሲበልጥ ይጣላል። እዚህ ለመጣል መጀመሪያ ምትክ ማግኘት ያስፈልጋል።

አሁን እየፈላች ብትሸጫትም ገዢ መካኒክ ይዞ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያ ሥራው ክዳኑን መክፈት ነው። የተዛገ ውሃ ካየ ከዋጋው ላይ የሚቆርጠው የጓርኒሲዮን ሒሳብ አይደለም፤ የሙሉ ሞተር ነው። የምትሸጪ ከሆነ እንኳ ጠግነሽ ሽጪ።

እኔ ብሆን ሽያጭን የማስበው ሞተር ሲደክም ሳይሆን አካሏ ሲበላ ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። ሻንሲዋ የተጣመመ፣ ሥሯ የበሰበሰ፣ ላሜራዋ በስቱኮ የቆመ መኪና ግን ገንዘብ ትውጣለች እንጂ አትድንም። ስለዚህ መካኒኩ ጋ ክሪክ ላይ ስትወጣ አንቺም ጎንበስ ብለሽ ሥሯን እዪ። ባትሪ መብራት ያዢ። የሞላው መቀመጫ፣ የፊት እግሮቹ የታሰሩበት ብረት፣ የወለሉ ላሜራ። እነዚህ ደህና ከሆኑ መኪናዋ ገና ብዙ ታገለግልሻለች።

ይህ ሁሉ እስኪሠራ መንዳትሽ አይቀርም፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ነገር። ሽቅብ ላይ ሙቀቷ መጨመር ሲጀምር የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፊና የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቺ። መስኮት ይከፈት። ይሞቅሻል፣ ያልብሻል፤ ግን ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስለታል። ጌጁ ቀዩን ከነካ ዳር ይዘሽ አጥፊያት። «እዚያች ጋ ልድረስ» አይባልም። ቴስታታዎች የሚጣመሙት እዚያች ጋ ለመድረስ በሚነዳባት ሁለት ኪሎ ሜትር ነው።

ከዚያ የሚረዱሽ ሰዎች ይመጣሉ። በሃይላንድ ውሃ የያዙ ጎረምሶች ክዳኑን በጨርቅ ሊከፍቱ፣ ሞተሩ ላይ ውሃ ሊደፉ ይሽቀዳደማሉ። አመስግነሽ ከልክዪ። የታፈነው ውሃ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይተፋል፤ በዚህ ፊታቸው የተቃጠለ ረዳቶች አውቃለሁ። የጋለ አሉሚኒየም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ደግሞ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ትብረድ። ማኒኮቶውን በእጅሽ ስትጨብጪው ለስለስ ካለ ብቻ ክዳኑ ይከፈት። ሞተሩ ተነስቶ፣ ውሃው ቀስ እየተባለ ይሞላ።

ውሃ በተቀየረ ቁጥር አየር ማስወጣትም አለ። መኪናዋን አፍንጫዋ ሽቅብ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሚ፤ ለሽሮ ሜዳ ሰው ይህ አይቸግርም። ማሞቂያው ክፍት ይሁን፣ ክዳኑ ክፍት ይሁን። ሞተሩ እየሠራ ውሃው ዝቅ ሲል እየጨመርሽ፣ ፋኑ አንድ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ ቆዪ። ብዙ ጊዜ «ተሠርታ ተመልሳ ፈላች» የሚባለው ውስጧ የቀረ አየር ነው።

ቅደም ተከተሉን ደግመሽ ብትጠይቂኝ ክዳን፣ የፋን አቅጣጫ፣ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር እጥበት እልሻለሁ። አንድ በአንድ፣ በየመሐሉ ሁለት ሦስት ቀን እየነዳሽ። አራቱን በአንድ ቀን ብታስቀይሪ መኪናዋ ልትድን ትችላለች፤ የትኛው እንዳዳናት ግን አታውቂም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ዳሽቦርዱ ውስጥ ትንሽ ደብተር አኑሪ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የጨመርሽው ውሃ፣ የተቀየረው ዕቃ። እኔ ደብተር ይዞ የመጣ ደንበኛ ላይ መዋሸት አልችልም፤ ሌላውም መካኒክ ይከብደዋል።

መካኒክ የመምረጡን ነገር አልጠየቅሽኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጅሽ ተቀበዪ። ለመጠራጠር ሳይሆን ለማየት። የተበላ ጓርኒሲዮን የተበላበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ጠቁሮ ካላየሽው «የቱ ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ካርቶን ፈልጊ። ዓርብ ማታ አንጥፊው፣ ቅዳሜ ጠዋት ያየሽውን ጻፊልኝ። በተለይ አረፋው ይቁም አይቁም በደንብ አስተውዪ፤ ለሁለት ደቂቃ ሳይሆን ለአሥር ደቂቃ ተመልከቺው። ስልክ ካለሽ ቅረጪውና ላኪልኝ።